ቁጥር ሃያ ሦስት

ከሰኞ ገበያ ወረድ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ዝናብ በጣለ ቁጥር ከጎን ውሃ የሚገባ፣
ድሮ ላምባ ማከፋፈያ፣ ዛሬም ላምባ የሚሸት፣
አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣
ይኼ ነው እንግዲህ ሙዚየማችን፣ የሰፈራችን ታሪክ ቤት።

አምስት ነን፤ ደመወዝ የለም። ስድስት እንሆናለን፣
ይድነቃቸው ነዳጅ አጥቶ ባጃጁን ሲያቆም ካገኘን።
ጦይባ ካርድ ትጽፋለች፤ እጇ ፊደል ያሳምራል፤
መምህር ሙሄ ያስጎበኛል፤ ከጀመረ ማን ያቆመዋል?
እኔ መዝገብ እይዛለሁ። ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቁ ጓዳ፣
ሠላሳ ዓመት ክር ቆጥሬያለሁ፤ ዕቃ መቁጠር ምን ሊጎዳ?

ቁጥር አንድ፦ የሐጂ እንድሪስ ሚዛን፣ ከነድንጋዮቹ።
ቁጥር አራት፦ የደሴ–አሰብ ትኬት፤ ያልተሄደበት፣ ከነጫፎቹ።
ቁጥር ዘጠኝ፦ ብረት ድስት፣ ወይፈን የሚውጥ።
ቁጥር አሥራ ሁለት፦ ፎቶ፤ ሦስት ሴቶች፣ ዝናብ ውስጥ።
ማንነታቸውን የሚያውቅ እስካሁን አንድም አልመጣ፤
የገባው ሁሉ ግን «መሐለኛዋ አክስቴ ናት» ሳይል አልወጣ።

ችግሩ፣ ዕቃዎቻችን ጡረታ እምቢ ማለታቸው።
ሰኞ ሲነጋ ሚዛኑ የለም፤ ሐጂ አስወስደውታል በልጃቸው።
ድስቱ ለቅሶ ቤት ይውላል፤ ሠርግ ካለም ሠርግ ያድራል፤
ጥቀርሻው ሳይፋቅ ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ይወጣል።
ጦይባ በቦታው ካርድ አቆመች፦ «ቁጥር ዘጠኝ
ለቅሶ ሄዷል፤ ነገ ይምጡ።» ልቆጣ ነበር፤ ሳቅ ቀደመኝ።

አንድ ቀን ከላይ ባለሙያ መጣ፤ ነጭ ጓንት አጥልቋል።
«ቅርስ እንዴት ይዋሳሉ?» አለ። እውነቱን ነው፤ ይሰበራል፣ ያልቃል።
«አትንኩ» የሚል አስጻፈን፣ በቀይ፣ በትልቅ በትልቁ፤
ጦይባ ስትጽፍ ፊቷ ጠቆረ፤ ፊደሎቹ ግን ደመቁ።
ሰኞ ሐጂ ራሳቸው መጡ፤ አነበቡ፤ መነጽራቸውን ጠረጉ፤
ደግመው አነበቡ። ምንም ሳይሉኝ በሩን ቀስ ብለው ዘጉ።

ሦስት ወር ሙዚየም መሰልን።
አቧራ ብቻ ጎበኘን።

ከዚያ በሐምሌ፣ ጉም ጦሳን በዋጠበት ሌሊት፣
መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ በሬን ደበደቡት።
«ጋሽ ይመር አረፉ» አለኝ ይድነቃቸው፣ ርሶ ከላይ እስከ ታች፤
«ለሰው እንዴት ይነገር?» ቁልፉን ከአንገቴ ፈታሁት፤ ጣቴ ከእኔ በፊት አውቃለች።

ጋሽ ይመር፣ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ፣
አርባ ዓመት ሙሉ የሞት ወሬ አሳላፊ፣
ስልክ መጥቶ ለቅሶ በአጭር መልእክት መጥራት ሲጀመር፣
ጥሩምባቸውን በነጠላ ጠቅልለው «በይ መዝግቢኝ» አሉ፣ በቁም ነገር።
ሃያ ሦስት ብዬ መዘገብሁ።

ቀዩን ካርድ ገፋሁና ከመደርደሪያው አወረድሁ።
መምህር ሙሄ ነፋ፦ ትንፋሽ ብቻ።
ጦይባ ነፋች፦ እንደተራበ ጥጃ።
ይድነቃቸው ከደጅ ወጥቶ፣ ዝናቡ ላይ፣ ጉንጩን ወጠረ፤
የጋሽ ይመር ድምፅ አልነበረም፤ የሻከረ፣ የተሰበረ፤
ግን ከታች አንድ ውሻ፣ ከዚያ አንድ መስኮት፣ ከዚያ ሰፈሩ ጀመረ።
«ማን ሞተ?» ይላል ጨለማው። «ማን ነፋው?» ይላል ሌላው።
ነፊው ሞቶ የተነፋ ጥሩምባ፣ እንግዲህ ማን ይመልሰው?

ሐጂ ድስቱን ሊያወጡ መጡ።
አላስፈቀዱኝም፤ አልጠየቅኋቸውም። በጀርባቸው ተሸክመው ወጡ።

ሲነጋ ጥሩምባውን መለስሁ፤ ልወለውለው ጨርቅ አነሣሁ፤
አፉ ላይ የሦስት ሰው ምራቅ። ቆም አልሁና ተውሁ።
መዝገቡን ገለጥሁ፦
«ቁጥር ሃያ ሦስት። ወጣ፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ምክንያት፦ ሥራ።
ተመለሰ፦ ንጋት። ጉዳት፦ የለበትም። እርጥበት፦ አለበት።»

ጦይባ ምላጭ ይዛ መጣች፤ ቀዩን ካርድ ጭኗ ላይ አጋድማ
ከፊቱ ሁለት ፊደል ፋቀች፤ «ንኩ» ብቻ ቀረ፣ ትንሽ ጠማማ።

ባለሙያው በመስከረም ይመለሳል ብለዋል። ይመለስ።
ብቻ ሰኞ ከመጣ፣ ሚዛኑ የለም።